ለአሮጌ ኮምፒውተር ትልቅ ሃርድ ዲስክ፦ ዊንዶውሱን አትንኩት

የጥር ሰርግ ሲያልቅ ድሬዳዋ ከዚራ ያለችው ሱቄ በቪዲዮ አንሺዎች ትሞላለች። ከሳቢያንም ከመጋላም ይመጣሉ፣ ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው። «አቦ፣ ቦታ አለቀብኝ! ባለ 4 ቴራ ሃርድ ዲስክ ብገዛ ይቺ ሲፒዩ ትቀበለዋለች?» ይቺ የሚሏት አብዛኛውን ጊዜ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 780 ናት። ካልሆነም የእሷ እኩያ የሆነች ኤችፒ ኮምፓክ። ኮር ቱ ዱዎ፣ ዊንዶውስ ሰቨን፣ ውስጧ ባለ 250 ወይም ባለ 320 ጊጋ ዲስክ። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ሥራዋን ግን ትሠራለች። ስለዚህ ጣሏት አልልም።

መልሴም አንድ ነው። ትቀበለዋለች፣ ግን ዊንዶውሱን ከነበረበት አታንሱት። አሮጌው ዲስክ ከነዊንዶውሱ ባለበት ይቆይ። ትልቁ ሁለተኛ ሆኖ ይግባና ፋይል ብቻ ይያዝ። «አንዴ ከተከፈተማ ሁሉንም ወደ አዲሱ ላዙረው» ያለ ሰው ነው ተመልሶ የሚመጣው። ምክንያቱን ላስረዳ።

2.2 ቴራ ላይ ያለው ግድግዳ

የድሮ ማሽኖች ዲስክ የሚከፍሉበት ዘዴ ኤምቢአር ይባላል። ኤምቢአር የዲስኩን ሴክተሮች፣ ማለት ዲስኩ የተከፋፈለባቸውን ትናንሽ ቁራጮች፣ የሚቆጥረው በ32 ቢት ቁጥር ነው። አንድ ሴክተር ደግሞ 512 ባይት ነው። አባዙት፣ 2.2 ቴራ ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቦታ አድራሻ የለውም። ባለ 4 ቴራውን በኤምቢአር ብትከፍቱት ዊንዶውስ 2048 ጊጋ ይሰጣችኋል (ያው 2.2 ቴራው ነው፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥር ነው)። የቀረውን 1,678 ጊጋ ገደማ በጥቁር መስመር ያሳያችኋል እንጂ አያስነካችሁም። ከከፈላችሁት ብር ግማሽ ሊሞላ ምንም ያልቀረው እዚያ ይተኛል።

መፍትሔው ጂፒቲ የሚባለው አዲሱ ዘዴ ነው። እሱ በ64 ቢት ስለሚቆጥር እኔና እናንተ ልንገዛው የምንችለው ዲስክ ሁሉ አይበቃውም። ዊንዶውስ ሰቨን ጂፒቲ ላይ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ችግር የለበትም። ችግሩ ያለው ቡት ላይ፣ ማለት ማሽኑ ሲበራ ዊንዶውስ የሚነሣበት ላይ ነው። ዊንዶውስ ከጂፒቲ ዲስክ ቡት የሚያደርገው ማዘርቦርዱ ዩኢኤፍአይ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው አዲሱ ዓይነት ፕሮግራም) ሲኖረው ብቻ ነው። 780ን የመሳሰሉት የፈረንጆቹ 2009 አካባቢ ማሽኖች ግን ያላቸው ይህንኑ ሥራ የሚሠራው የድሮው ዓይነት፣ ባዮስ ነው። እንግዲህ ዊንዶውሱን ትልቁ ዲስክ ላይ ብትጭኑት ከሁለት አንዱን ትመርጣላችሁ፦ ወይ በኤምቢአር ግማሹን ቦታ ታጣላችሁ፣ ወይ በጂፒቲ ማሽኑ አይነሣላችሁም። ዊንዶውሱ አሮጌው ዲስክ ላይ ሲቀር ሁለቱም ጣጣ የለም።

በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ ለምትጠቀሙ ነገሩ ይለያል። እሱ ባዮስ ባለው ማሽን ላይም ከጂፒቲ ይነሣል። መጀመሪያ ላይ 1 ሜጋ የምታህል የባዮስ ቡት ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ብቻ ስጡት።

ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ያላችሁስ? ባለ 32 ቢቱ ኤክስፒ ጂፒቲን ጭራሽ አያውቀውም። ባለ 2 ቴራ ላይ ቁሙ፣ ከዚያ አትለፉ። ስትከፍሉትም ሰቨን ባለው ማሽን ላይ ክፍላችሁ መልሱት። ኤክስፒ የመጀመሪያውን ፓርቲሽን ከ63ኛው ሴክተር ያስጀምራል። የዛሬዎቹ ዲስኮች ደግሞ ውስጣቸው የተሠራው በ4096 ባይት ስለሆነ ሁለቱ አይገጣጠሙም፣ ዲስኩም ሲጽፍ ይንቀራፈፋል። ሰቨን ከ1 ሜጋ ላይ ስለሚጀምር ይህ ችግር የለበትም። ያ ሰፊው ጠፍጣፋ ኬብል ብቻ ያላቸው ማሽኖች ደግሞ ማዘርቦርዱ ፒሲአይ ቀዳዳ ላይ የሚሰካ የሳታ (የዛሬዎቹ ዲስኮች ቀጭን ኬብል) ካርድ ይፈልጋሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለእነዚያ ብር አላወጣም።

ዲስኩን ስትገዙ

ታይዋን ገበያ ግዙት ሌላ ቦታ፣ የታሸገ ካልሆነ ሳትፈትሹ ብር አትቁጠሩ። ገበያ ላይ ካሉት ርካሽ ትላልቅ ዲስኮች ጥቂት የማይባሉት ከሴኩሪቲ ካሜራ መቅረጫ የወጡ ናቸው። ወይንጠጅ ስቲከር ካያችሁ ለካሜራ ተብሎ የተሠራ ነው። ይህ ብቻውን ነውር አይደለም፣ ግን ቀን ከሌት ሲሽከረከር የኖረ ሊሆን ይችላል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ሂዱና ክፈቱት። ቀኝ በኩል የሠራበትን ሰዓት ይነግራችኋል። ዓመቱን ሙሉ ያልጠፋ ዲስክ በዓመት 8,760 ሰዓት ይቆጥራል፣ ሒሳቡን ከዚያ ሥሩ። ከዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚሉትን መስመሮች እዩ። የመጨረሻው ዓምድ ሙሉ በሙሉ ዜሮ መሆን አለበት። ዜሮ ካልሆነ ሻጩ የፈለገውን ያህል ዋጋ ቢቀንስ እኔ አልገዛም። የሰው ሰርግ ድጋሚ አይቀረጽም።

መክፈትና መግጠም

በጠዋት ሥሩት ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ። በሰባትና በስምንት ሰዓት የድሬ ሙቀት ላይ ላብ ማዘርቦርድ ላይ ይንጠባጠባል፣ ቀልዴን አይደለም። በርጫ ላይ ሆናችሁም አትጀምሩት፣ ብሎን ይጠፋባችኋል።

ኬብሉን ከሶኬት ንቀሉ። የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፣ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። ከዚያ ማሽኑን ደጅ አውጡት። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ንፋስ ሲነሣ ከተማው ላይ የሚበተነው አቧራ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። በቀለም ብሩሽ ጥረጉ፣ ቬንትሌተሩን ግን በጣት ይዛችሁ። ወደ ውስጥ ስትመለሱ ምንም ከመንካታችሁ በፊት የኬዙን ባዶ ብረት ንኩ። ደረቅ አየር ላይ ከልብስ የሚነሣ ኤሌክትሪክ ቺፕ ይገድላል።

780ው ላይ ዲስኩ የሚቀመጠው በሰማያዊ ፕላስቲክ ማቀፊያ ነው፣ ካቻቢቴ አያስፈልግም። ሌላው ላይ ብሎን ትጠቀማላችሁ። የሃርድ ዲስኩ ብሎን ጥርሱ ሰፋ ያለ ነው፣ የዲቪዲው ደግሞ ደቃቅ። ሁለቱን አትቀላቅሉ። አልገባ ያለ ብሎን በጉልበት አይገባም። ቦታ ካለ አሮጌውና አዲሱ ዲስክ ተጣብቀው አይቀመጡ፣ በመካከላቸው አየር ይለፍ። የብዙዎቹ ዲስኮች የሙቀት ጣሪያ 60 ዲግሪ ነው። ግንቦት ላይ የክፍሉ አየር ብቻውን 35 ሲያልፍ ወደዚያ ለመድረስ ብዙ አይቀረውም። እኔ ከ45 በላይ ካየሁ ፊት ለፊት ተጨማሪ ቬንትሌተር አስገባለሁ።

ቀጭኑ የሳታ ኬብል የኤል ቅርጽ ስላለው ተገልብጦ አይገባም። ማዘርቦርዱ ላይ ባዶ ቀዳዳ ካጣችሁ የዲቪዲውን ንቀሉ፣ ዛሬ ማን ዲቪዲ ይጠይቃል? ፓወር ላይ ግን ረጋ በሉ። ፓወር ሰፕላዩ ትርፍ የሳታ ጫፍ ካለው ያው ነው። ከሌለው ከድሮው ባለ አራት ቀዳዳ ሶኬት የሚቀይር ማስተላለፊያ ትገዛላችሁ። እሱን ስትገዙ የሳታውን ጫፍ ተመልከቱ። ሽቦዎቹ ከፕላስቲኩ ጋር አብረው ቀልጠው የተደፈኑበትን ዓይነት ተዉት። ውስጡ ሽቦ ከሽቦ እየተነካካ የሚቃጠለው እሱ ነው። ሽቦው አንድ በአንድ ገብቶ የሚታየውን ምረጡ።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ከኤክስተርናል ዲስክ ሳጥን ውስጥ የወጡ ትላልቅ ዲስኮች አንዳንዴ በሳታ ፓወር ጭራሽ አይሽከረከሩም። ሰው ሞቷል ብሎ ይመልሳቸዋል። ምክንያቱ ሦስተኛው ፒን ላይ 3.3 ቮልት ሲያገኙ «ጥፋ» የሚል ትእዛዝ አድርገው ስለሚወስዱት ነው። በማስተላለፊያው በኩል ስታገናኙት 3.3 ቮልቱ ስለማይመጣ ተነሥቶ ይሠራል።

ባዮስ ውስጥ

ለመግባት ማሽኑ ሲበራ ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10 ተጫኑ። ዴሉ ውስጥ የሳታ ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፣ ይበራሉ። አዲሱን የሰካችሁበት ጠፍቶ ከሆነ አብሩት። የቡት ቅደም ተከተሉ ላይ አሮጌው ዲስክ አንደኛ ይሁን። ባዮሱ የአዲሱን መጠን አሳንሶ ቢያሳይ አትደንግጡ፣ ዊንዶውስ ከተነሣ በኋላ ባዮሱን አይጠይቅም። የሳታውን ሞድ ግን አትንኩ። ዊንዶውስ በአንዱ ሞድ ተጭኖ ወደ ሌላው ብትቀይሩት ሰማያዊ ስክሪን ይጠብቃችኋል። ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ያቺን ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለዋን፣ አሁኑኑ ቀይሯት። አለዚያ ያስተካከላችሁት ሁሉ መብራት በጠፋ ቁጥር ይጠፋል። እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

መከፋፈል

«ኮምፒውተር» የሚለው ላይ ቀኝ ክሊክ፣ «ማኔጅ»፣ ከዚያ «ዲስክ ማኔጅመንት»። አዲሱን ሲያይ ራሱ ይጠይቃችኋል፦ ኤምቢአር ወይስ ጂፒቲ? ጂፒቲ በሉት። ቸኩላችሁ ኤምቢአር ካላችሁም ገና ባዶ ስለሆነ ግራ በኩል «ዲስክ 1» የሚለው ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ትቀይሩታላችሁ።

ባለ 4 ቴራው 3,725 ጊጋ ብሎ ይነበባል። ሻጩ አልሰረቃችሁም። ፋብሪካው በ1000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024። ባለ 3 ቴራ ገዝታችሁ 746 ጊጋ ብቻ ካያችሁ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ የአሮጌ የኢንቴል ስቶሬጅ ድራይቨር ምልክት ነው። ድራይቨሩን ሳታድሱ አንድም ፋይል አትጻፉበት።

ስንት ቦታ ልክፈለው? እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የራሱ ሃይማኖት አለው። አምስትና ስድስት ቦታ የሚከፍሉ አሉ፦ ለፎቶ፣ ለቪዲዮ፣ ለዘፈን፣ ለምን አይሉም። ዓመት ሳይሞላ አንዱ ሞልቶ ሌላው ባዶ ይቀራል። እኔ ሁለት እላለሁ። የመጀመሪያው ለሥራ፣ ሁለተኛው ለተጠናቀቀው። ቅደም ተከተሉም ዝም ብሎ አይደለም። የመጀመሪያው ፓርቲሽን በዲስኩ ውጨኛ ጠርዝ ላይ ያርፋል፣ እዚያ ደግሞ ዲስኩ ከውስጡ ይልቅ በጣም ይፈጥናል። ኤዲት የምታደርጉት እዚያ ይሁን። የአንድ ሰዓት ሚኒ ዲቪ ካሴት ወደ 13 ጊጋ ይወስዳል፣ ስለዚህ ለሥራው 1000 ጊጋ ለብዙ ሰርግ ይበቃል። ዊንዶውስ መጠኑን በሜጋ ስለሚጠይቅ 1024000 ብላችሁ ጻፉ። የቀረው ሁሉ ለሁለተኛው።

ፎርማቱ ኤንቲኤፍኤስ ይሁን። ፋት 32 ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል አይይዝም፣ የካሴቱ ቅጂ ብቻውን ሦስት እጥፍ ነው። ያገለገለ ዲስክ ከሆነ «ክዊክ ፎርማት» የሚለውን ምልክት አንሡት። ሰቨን ያን ጊዜ እያንዳንዷን ሴክተር ይጽፍባታል፣ የተደበቀ ችግር ካለ ይወጣል። ለ4 ቴራ ሰባት ስምንት ሰዓት ስለሚፈጅ ማታ አስጀምራችሁ ተኙ፣ ዩፒኤስ ላይ ሰክታችሁ። አዲስ የታሸገ ከሆነ ክዊኩ ይበቃል።

ቀድሞ የተከፈለ ዲስክ ገዝታችሁ ፓርቲሽኖቹ አልጠፋ ካሉ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ መስኮት (ኮማንድ ፕሮምፕት) አለ። ዲስክፓርት ብላችሁ ግቡ፣ ከዚያ «ሊስት ዲስክ»፣ «ሴሌክት ዲስክ 1»፣ «ክሊን»፣ «ኮንቨርት ጂፒቲ»። «ክሊን» እርግጠኛ ናችሁ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ቁጥሩን በመጠኑ አረጋግጡ፦ 3725 ጊጋ የሚለው አዲሱ ነው፣ 232 ወይም 298 የሚለው ዊንዶውሳችሁ ነው። እጃችሁን የማታምኑ ከሆነ ይህን ሌላ ማሽን ላይ ሥሩት።

ፓርቲሽን መለየት ባክአፕ አይደለም። ዲስኩ ሲሞት ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። የተጠናቀቀውን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጣችሁ ቤት አስቀምጡ። ለመገልበጥ የድሮ ዩኤስቢ ሳጥን ካላችሁ ግን መጀመሪያ መጠኑን ፈትሹ። ብዙዎቹ የድሮ ሳጥኖች ከ2 ቴራ በላይ አያውቁም።

በመጨረሻ ለሁለቱ ፓርቲሽኖች ከፊደል ተራው ራቅ ያለ ፊደል ስጧቸው፣ ለምሳሌ ቪ እና ደብልዩ። ኢ ወይም ኤፍ ከሆኑ አንድ ቀን ደንበኛ ፍላሽ ሰክቶ ፊደሉን ይወስደዋል፣ የኤዲቲንግ ፕሮግራማችሁም ክሊፖቹ የት ሄዱ ብሎ ቀይ ያበራባችኋል።