ሳዝ የተባለውን ሆፕ በሲትራ ስተካ ቢራው ለምን መረረ?
20 ሊትሩ ቢራ ከመጠን በላይ መረረ፤ የተጠበቀው የሎሚና የማንጎ መዓዛም አልመጣም። ሳዝና ሲትራ ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው የሆፕ አበባ ዓይነቶች ናቸው፤ ጥፋቱ 40 ግራም ሳዝ በ40 ግራም ሲትራ መተካቱ ነው። የሳዙ አልፋ አሲድ (ምሬት የሚሰጠው ንጥረ ነገር) 3.5 በመቶ፣ የሲትራው 12 በመቶ ስለሆነ ምሬቱ ከ3 እጥፍ በላይ ጨመረ። መዓዛ ሰጪው ዘይት ደግሞ ለ60 ደቂቃ ሲፈላ ተንኖ አለቀ።

ያስተካከልኩት በስሌት ነው፦ 40 በ3.5 ሲባዛ 140፣ ለ12 ሲካፈል ወደ 12 ግራም። ይህን ያህል አልፋው 12 በመቶ የሆነ ማግነም የተባለ ሆፕ መፍላት ሲጀምር ገባ፤ ምሬቱ ለስላሳ ነውና ለዚህ ቦታ እጅግ ተስማሚ ነው። 40 ግራሙ ሲትራ እሳቱ ጠፍቶ ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሲደርስ ለ20 ደቂቃ ተዘፈዘፈ። አልፋው ከምርት ምርት ይለያያል፤ ሁልጊዜ የማሸጊያውን ቁጥር ተጠቀሙ።