የፑርቪቲስን የመታሰቢያ ኤግዚቢሽን እንዴት ብታዩት ጥሩ ነው

ሪጋ ሄዳችሁ የላትቪያዊው ሰዓሊ የቪልሄልምስ ፑርቪቲስ የመታሰቢያ ኤግዚቢሽን ካጋጠማችሁ እባካችሁ ተጣድፋችሁ አትውጡ። ሰውየው ዕድሜ ልኩን በብዛት የሳለው በረዶ ነው፣ እኛ ደግሞ በረዶ ሲባል ቶሎ የሚመጣብን ቆርቆሮ ላይ የሚንጣጣው የክረምቱ ነው፣ የሱ ግን ኮሽታ የለውም፣ ወርዶ መሬት ላይ ተኝቶ የሚከርመው ነው፣ ከዛም ውስጥ አብልጦ የሚወደው መጋቢት አካባቢ መቅለጥ የጀመረውን ነው።

መግቢያው ላይ የሕይወት ታሪኩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ሁሉንም ለመያዝ አትጨነቁ። 1872 ተወለደ፣ 1897 ከፒተርስበርግ አርት አካዳሚ በወርቅ ሜዳሊያ ተመረቀ፣ 1919 የላትቪያ አርት አካዳሚ ሲቋቋም ሬክተር (የበላይ ኃላፊ) ሆነ፣ 1945 ጀርመን ውስጥ በስደት ሞተ (ሁሉም በፈረንጆቹ ነው)። መምህሩ ኩዊንጂ ነበር፣ ብርሃን በመሳል ስሙ የገነነው፣ ይቺን ያዟት በኋላ ትጠቅማችኋለች። ደግሞ ኤግዚቢሽኑ ብሔራዊ የስነ ጥበብ ሙዚየሙ ውስጥ ከሆነ የቆማችሁት እሱ ራሱ ከ1919 እስከ 1940 በዳይሬክተርነት የመራው ቤት ውስጥ ነው፣ እኔ ይሄን ሳስብ አረማመዴ ራሱ ይቀየራል።

መጀመሪያ ምንም ሳታነቡ አንድ ዙር ዙሩ። ከዛ አይናችሁ የቀረበት አንድ ስዕል ጋ ተመለሱ፣ አንድ ብቻ፣ አስር ደቂቃ ስጡት። አሁን የመግቢያ ትኬታችሁን ወይም ነጭ ወረቀት አውጡና ከአይናችሁ ፊት ለፊት ከስዕሉ በረዶ ጎን አድርጋችሁ እዩት (ስዕሉን እንዳትነኩ፣ ከርቀት ነው)። ያኔ ነው ጉዱ፣ ያዟት ያልኳችሁ የኩዊንጂ ብርሃን እዚህ ጋ ትመጣለች፣ ነጭ ነው ብላችሁ የማላችሁበት በረዶ ጥላው ጋ ወይን ጠጅ፣ ፀሐይ የነካው ጋ ወደ ቢጫ የሚሄድ፣ ውሃው ዳር ግራጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይሄ ሰው በ1902 የበረዶን ቀለም ለማጥናት ብሎ እስከ ስፒትስበርገን፣ ሰሜን ዋልታ አጠገብ ድረስ ሄዷል እኮ! ቀጥሎ ጠጋ በሉና የብሩሹን አካሄድ እዩ፣ ከዛ አራት አምስት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ቅርብ ሆናችሁ ጭቃ የመሰላችሁ ነገር ራቅ ስትሉ ውሃ ይሆናል። «የፀደይ ውሃዎች» የሚለውን ካገኛችሁ እሱ ላይ ሞክሩት፣ በረዶው ቀልጦ ወንዙ ከሞላ በኋላ ዛፎቹ ውሃ ውስጥ የቆሙበት ነው።

ስዕሎቹ ስር ያለው ጽሑፍ ላይ «1910 ገደማ» ዓይነት ነገር ስታዩ አይግረማችሁ፣ ብዙዎቹ ዓመታቸው በግምት ነው።

አንድ የምለምናችሁ ነገር፣ የሌሉትንም ስዕሎች አስቡ። 1944 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት «የልጋቫ» (Jelgava) የምትባለው የላትቪያ ከተማ ሲደርስ እዛ የነበሩ ብዙ ስራዎቹ ተቃጥለዋል። የጠፉት ፎቶ ተሰቅሎ ካገኛችሁ በጥቁርና ነጭ ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ቀለሙን አሁን ካያችሁት ስዕል ተነስታችሁ በሀሳባችሁ ሙሉት።

ጊዜ ካላችሁ ደግሞ መቃብሩ ጋ ሂዱ፣ አስከሬኑ በ1994 ከጀርመን መጥቶ ሪጋ «የጫካው መቃብር» በሚባለው ቦታ አርፏል። ከቻላችሁ መጋቢት ላይ አድርጉት፣ በዛፎቹ ስር የቀረው በረዶ ገና ሳያልቅ።