የመረረብኝ ተልባ

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሽሮና ምስር ብቻ እንዳይሰለቸኝ ብዬ ከድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ 2 ኪሎ ተልባ ገዛሁ። ተገላገልኩ ብዬ ሁሉንም በአንዴ ቆልቼ አስፈጨሁት። በሁለተኛው ሳምንት ክዳኑን ስከፍተው የቀለም ሽታ ሸተተኝ። ፍትፍቱም መረረ።

መጀመሪያ የሸጠችልኝን ሴትዮ ነበር የጠረጠርኩት። ጎረቤቴ እማማ ቀምሰው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ተልባ እንደ ቡና ነው፤ የሚበቃህን ብቻ ነው የምትፈጨው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የተልባ ዘይት ሙቀትና አየር አይወድም። ሳይፈጭ ቅርፊቱ ይጠብቀዋል። ከተፈጨ በኋላ ግን በድሬ ሙቀት፣ ያውም እንደኔ ምድጃ አጠገብ ከተቀመጠ፣ ቶሎ ይበላሻል። ሳይፈጩ መብላትም አያዋጣም፤ ፍሬው እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል።

አሁን ጥሬውን በጠርሙስ ከድኜ ጥላ ቦታ አስቀምጣለሁ። ለሦስት ቀን የሚሆነኝን፣ ሁለት የቡና ሲኒ ያህል፣ በለስላሳ እሳት እያማሰልኩ እቆላለሁ። መንጫጫት ሲጀምር አወርደዋለሁ (ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ አይደል)። ትንሽ ካዘገዩት ያርርና ይመራል። በደንብ ሲቀዘቅዝ በቡና መፍጫ ፈጭቼ ፍሪጅ ውስጥ። ትኩሱን ከከደኑት ላብ ያወጣል።

ፍትፍቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ ጨው፣ ቀይ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ጨምሬበት ነው የምሠራው። ቶሎ ስለሚወፍር ውሃውን አልሰስትም። ሱፍም እሠራለሁ፤ እሱን ግን ቀቅዬ፣ ፈጭቼና አጥልዬ በዕለቱ እጨርሰዋለሁ። ሰሊጥ ቀላል ነው፤ ቆላ አድርጎ ጎመን ላይ መበተን ብቻ።

የመረረውን ደፋሁት። አሳዘነኝ።