ኢንዲ የድብድብ ጌም ስትገዙ አትድገሟቸው የምላቸው ስህተቶች

ገዝቼው በሦስተኛው ቀን ከኮምፒውተሬ ያጠፋሁት አንድ ኢንዲ (ትልቅ ኩባንያ ሳይሆን ትንሽ ቡድን የሠራው) የድብድብ ጌም አለ። ስሙን አልጠራም፤ የሠሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ልፋታቸውም ያስታውቃል። ሥዕሉ በእጅ የተሣለ፣ ሙዚቃው ደም የሚያሞቅ ነው። እኔ ግን ስጫወተው አምሽቼ ኮንትሮለሬን ሶፋው ላይ ወርውሬ ነው የተነሳሁት። ቆይቶ ሲገባኝ፣ ከንዴቴ ግማሹ የጌሙ ጥፋት ነበር፤ ግማሹን ግን በገዛ እጄ ነው ያመጣሁት።

በትሬይለር ተማርኮ መግዛት

ትሬይለር የሚቆረጠው ጌሙ በጣም ከሚያምርበት ቦታ ነው። ካሜራው ይጠጋል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ተፋላሚው አየር ላይ ተሽከርክሮ ያሳርፋል። እጃችሁ ላይ ሲገባ ምን እንደሚመስል ግን ከዚያ አታገኙትም። ተራ ተጫዋች የቀረጸውን፣ ያልተቆራረጠ አንድ ሙሉ ግጥሚያ ፈልጋችሁ እዩ፤ ድምፁንም አጥፉት። ቡጢ ሲያርፍ ሁለቱም ተፋላሚዎች ለቅጽበት ድርቅ ይላሉ ወይ? ሂትስቶፕ የምትባለው ይህች ቆምታ ጥቂት ፍሬም (ስክሪኑ ላይ ተከታትለው የሚያልፉ ነጠላ ሥዕሎች) ብቻ ናት፤ ለቡጢ ክብደት የምትሰጠው ግን እሷ ናት። እኔ በገዛሁት ጌም ውስጥ አልነበረችም። መዶሻ የተሸከመው ግዙፉ ተፋላሚ እንኳ ሲመታ ትራስ የሚያራግፍ ነበር የሚመስለው። ትሬይለሩ ላይ ያላስተዋልኩት የመዶሻው ድምፅ ስለሸፈነው ነው።

የመመለሻ ሰዓቱን ማባከን

ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ላይ የገዛችሁትን ጌም፣ ከገዛችሁት 14 ቀን ካላለፈውና የተጫወታችሁት ከ2 ሰዓት በታች ከሆነ፣ መልሳችሁ ገንዘባችሁን መጠየቅ ትችላላችሁ። ይህንን አውቅ ነበር። ልብ ያላልኩት፣ የሚቆጠረው ጌሙ ተከፍቶ የቆየበት ጊዜ እንጂ የተፋለምኩበት አለመሆኑን ነው። በተኖቹን እንደሚመቸኝ ሳቀያይር አርባ ደቂቃ ሄደ። ቱቶሪያሉን ሳልጨርስ ስልክ ተደወለ፤ ሜኑውን እንደተከፈተ ትቼው ወሬዬን ቀጠልኩ። ስመለስ 1 ሰዓት ከ50 ይላል። "አንድ ግጥሚያ ብቻ" ብዬ ተቀመጥኩና 2 ሰዓት ከ20 ላይ ተነሳሁ።

የመጀመሪያውን ሰዓት ለታሪክ ክፍሉ አትስጡት። በቀጥታ ወደ መለማመጃ ክፍሉ ግቡ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት የኦንላይን ግጥሚያ ሞክሩ። ጌሙ የሚታመም ከሆነ የሚያመው እዚያ ነው።

ኔትኮዱን ሳይጠይቁ መክፈል

ለኔ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ኔትኮድ ማለት ጌሙ የሁለቱን ተጫዋቾች ትእዛዝ በኢንተርኔት የሚያገናኝበት አሠራር ነው። አብዛኞቹ የድብድብ ጌሞች በሰከንድ 60 ፍሬም ይሄዳሉ፤ አንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ መሆኑ ነው። ፈጣን ቡጢ ተነስቶ ለማረፍ 4 ወይም 5 ፍሬም ይበቃዋል። እንግዲህ ኢንተርኔቱ በዚህ ላይ ሌላ 6 ፍሬም ሲደርብበት አስቡት።

የቆየው አሠራር የባላጋራችሁ ትእዛዝ በኔትወርክ እስኪደርስ የእናንተንም ያቆያል፤ መስመሩ በተንቀራፈፈ ቁጥር እጃችሁም አብሮ ይንቀራፈፋል። ሮልባክ የሚባለው ግን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ባላጋራው ምን እንደሚጫን ይገምታል፤ ብዙውን ጊዜ "አሁን የያዘውን እንደያዘ ይቀጥላል" ብሎ ነው። ግምቱ ከሳተ ጥቂት ፍሬም ወደኋላ ተመልሶ ያርመዋል። ይህን አሠራር በድብድብ ጌሞች ዘንድ ያስፋፋው ቶኒ ካነን የሠራው ጂጂፒኦ የተባለ ሶፍትዌር ነው፤ ኮዱም ከ2019 ጀምሮ ለማንም ክፍት ሆኗል። በ2012 የወጣው ስከልገርልስ የተባለው የድብድብ ጌም ኢንዲ ሆኖ ሳለ ተጠቅሞበታል። ስለዚህ "ትንሽ ስቱዲዮ ስለሆንን" የሚለው ምክንያት ብዙም አይዋጥልኝም። ቀላል ነው ማለቴ አይደለም፤ ጌሙ ያለበትን ሁኔታ በየፍሬሙ መዝግቦ ወደኋላ መመለስና ያንኑ ግጥሚያ ሳያዛንፍ መድገም መቻል አለበት። ከመነሻው ያልታሰበበት ከሆነ በኋላ ልጨምረው ቢሉ የሚያዳግተውም ለዚህ ነው።

የመሸጫ ገጹ ላይ ያለው "ኦንላይን ግጥሚያ" የሚል ቃል ብቻ ከሆነ፣ ሮልባክ ስለመኖሩ ማረጋገጫ እስክታገኙ ገንዘባችሁን ያዙ። የማያውቃችሁን ሰው ስትገጥሙ ብሎክ ያደረጋችሁት ቡጢ ሁሉ ፊታችሁ ላይ ሲያርፍ፣ ሥዕሉ ማማሩ ትዝም አይላችሁ።

ተጫዋች መኖሩን አለማየት

ስቲም በዚህ ሰዓት ስንት ሰው እየተጫወተ እንደሆነ ለሁሉም ያሳያል። ኔትኮዱ ምንም ቢያምር የምትገጥሙት ሰው ከሌለ ዋጋ የለውም። እኔ ሃያ ደቂቃ ጠብቄ ያገኘሁት አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ደጋግሞ ከደበደበኝ በኋላ ሰለቸውና ወጣ።

ጥፋቱን ሁሉ ጌሙ ላይ መደፍደፍ

ቡጢ የምጫንበትና ተፋላሚዬ እጁን የሚያነሳበት ጊዜ አልገጥም ሲለኝ "ይሄ ጌም ላግ አለው" ብዬ ፈረድኩ። ኋላ ላይ አውራ ጣቴንና ቴሌቪዥኑን በአንድ ላይ እንዲያስገባ አድርጌ ስልኬን አቆምኩና በሰከንድ 240 ፍሬም ቀረጽኩ። በተኑ ከተረገጠበት ተፋላሚው እስከተንቀሳቀሰበት ድረስ አንድ በአንድ ስቆጥር 34 ወጣ፤ ወደ 142 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ሥዕሉን ቶሎ ወደሚያሳየው ጌም ሞድ አዞርኩት፣ ቪሲንክ የሚባለውን፣ የጌሙን ፍሬም ከስክሪኑ ጋር የሚያስተካክለውን ቅንብር አጠፋሁ፣ መልሼ ቀረጽኩ፦ 21። ስሳደብ የከረምኩት በራሴው ቴሌቪዥን ላይ ነበር!

ጌሙ ግን ሙሉ በሙሉ ነፃ አልወጣም። ያንኑ ቪዲዮ በዝግታ ሳየው፣ ከታች ወደ ላይ የሰነዘርኩት ቡጢ ቁጢጥ ያለውን ባላጋራ ደረት ሰንጥቆ በጀርባው ሲወጣ አየሁ፤ አልነካውም። በድብድብ ጌም የሚነካካው ሥዕሉ አይደለም። ከሥዕሉ ጀርባ የማይታዩ ሣጥኖች አሉ፤ ምቱን የሚሰነዝረው ሂትቦክስ ይባላል፣ ምቱ የሚያርፍበት አካል ደግሞ ኸርትቦክስ። ሁለቱ ካልተደራረቡ ቡጢው ሥዕሉን ቢያቋርጥም እንዳልተሰነዘረ ይቆጠራል። መለማመጃ ክፍሉ ሣጥኖቹን የሚያሳይ ከሆነ አብሩትና ተመልከቱ፤ ብዙ ክርክር እዚያው ያልቃል።

ያልለመድነውን ሁሉ ብልሽት ማለትም ሌላው ችግር ነው። በ1991 የወጣው ስትሪት ፋይተር ቱ ላይ ኮምቦ ታቅዶ የገባ ነገር አልነበረም፤ ጌሙ እየተሠራ ሳለ ምት በምት ላይ መቀጠል እንደሚቻል ታየና እንዲሁ ተተወ። ዛሬ ያለ ኮምቦ የድብድብ ጌም ማሰብ ያስቸግራል።

በተን መቀጥቀጥ

ብዙ ጌሞች የተጫናችሁትን ለጥቂት ፍሬም ይዘው ያቆያሉ፤ ትንሽ ቀድማችሁ ብትጫኑም ምቱ በጊዜው እንዲወጣላችሁ። እንደ እኔ አራት ጊዜ ለሚቀጠቅጥ ሰው ግን ያልፈለገው ምት ይወጣለታል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። አንዴ ተጫኑ፣ ምን እንደሆነ እዩ፣ ከዚያ ሁለተኛውን።

"በሚቀጥለው ፓች ይስተካከላል" ብሎ መግዛት

ኧርሊ አክሰስ ላይ ያለ፣ ማለትም ሳያልቅ ለሽያጭ የቀረበ ጌም ስትገዙ የምትከፍሉት ዛሬ ላለው ነገር ነው። ስቲም ራሱ አንዳንድ ቡድኖች ጌማቸውን ሳይጨርሱ ሊቀሩ እንደሚችሉ ለገዢው ያስጠነቅቃል። ስምንት ተፋላሚ ይመጣል ተብሎ አራት ካለ፣ አራቱን ብቻ ቁጠሩ። የቀረው ላም አለኝ በሰማይ ነው።

በንዴት አስተያየት መጻፍ

እኩለ ሌሊት ላይ "ቆሻሻ ጌም" ብዬ ለጥፌ ተኛሁ። ጠዋት ሳነበው አፈርኩና አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩት፦ የትኛው ተፋላሚ፣ የትኛው ምት፣ ባላጋራው ቆሞ ነው ወይስ ቁጢጥ ብሎ፣ የጌሙ ቨርዥን ስንት እንደሆነ። ቪዲዮውንም ለሠሪዎቹ ላክሁላቸው። በሁለተኛው ቀን አንዱ መለሰልኝ፤ ተፋላሚው ቁጢጥ ሲል ለሦስት ፍሬም ያህል ኸርትቦክሱ እንደሚጠፋ አግኝተውታል። ቀጥሎ በወጣው ፓች ዝርዝር ላይ ከታች በአንዲት መስመር ተጠቅሶ አየሁት። ስለ ሮልባክ ግን የተጻፈ ነገር የለም፤ ጌሙን መልሼ አልጫንኩትም።