ለቪትዝ ከፍ ያለ ጎማ፦ 7 ሚሊሜትሩ እንዴት ይገኛል?

አራት ሰው የጫነ ቪትዝ ከፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲወርድ ሆዱ አስፋልቱን የሚፍቀውን ድምፅ አዲስ አበባ ውስጥ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ ማርሚታው ይጎዳል፤ ሲብስ የዘይት ኮፓው ይሰነጠቃል። ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው መላ ሞላው ላይ ስፔሰር (ከፍ ማድረጊያ ድጋፍ) ማስገባት ነው። ስፔሰር መኪናውን ያነሳል፤ ግን አካሉ ብቻ ከፍ ብሎ ጎማው ታች ስለሚቀር አክሰሉ ሁልጊዜ ታጥፎ ይሠራል፣ የአክሰሉ መታጠፊያ የሆነው ሲቪ ጆይንትም ያለ ጊዜው ያልቃል። ከፍ ያለ ጎማ ግን መኪናውን ከነአክሰሉ ነው የሚያነሳው። የሚፈቀደው ልክ ጠባብ ስለሆነ መለኪያ ሳይያዝ አይገባበትም።

ከሁሉ በፊት ሞላውን ይመልከቱ። አንዱ ጎን ዝቅ ካለ ወይም ባዶ መኪና ጭነት ያለው መስሎ ከታየ፣ የደከመ ሞላን ጎማ አያድነውም። መጀመሪያ ሞላው ይቀየር።

ከዚያ በአሮጌው ጎማ ጎን ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ከ2005 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. በተመረተው ቪትዝ ላይ በብዛት የሚገኘው 165/70 አር 14 ነው። 165 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ 70 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ 14 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች። የ165 ሰባ በመቶ 115.5 ነው፤ ከላይም ከታችም ስላለ 231 ይሆናል። ቸርኬው 355.6 ሚሊሜትር ስለሆነ ጎማው በድምሩ 586.6 ይቆማል። 175/70 አር 14 በዚሁ ስሌት 600.6 ይመጣል። ሻጩ «14 ሚሊሜትር ያነሳልዎታል» ሊል ይችላል፤ መኪናው የሚነሳው ግን በግማሹ፣ በ7 ብቻ ነው። ቀሪው ከመሃሉ ወደ ላይ፣ ወደ ፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ ወደሚሸፍነው አካል) ይሄዳል።

7 ሚሊሜትር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ጥርሱ ያለቀ ጎማ ሲነሳና አዲስ ሲገባ ጥርሱ ብቻ ሌላ 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ይጨምራል፤ ስለዚህ በጉብታው ላይ የሚሰማዎት ለውጥ 12 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ለአብዛኛው የከተማ መንገድ ይበቃል።

185/70 አር 14 ደግሞ 614.6 ይቆማል፤ መኪናውን በ14 ሚሊሜትር ያነሳል። ያጓጓል፤ ለቪትዝ ግን አንመክረውም። ዙሪያው በ4.8 በመቶ ስለሚያድግ ማርሹ በዚያው ልክ ይከብዳል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚሁ ቆሞ አጥቷል። ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ ሰው ጭኖ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሲወጣ ይህ ጭማሪ በግልጽ ይታወቃል። የ175ቱ 2.4 በመቶ ግን ብዙም አይሰማም፤ ፍጥነት መቁጠሪያው ላይ 60 ሲያነቡ ከበፊቱ በ1.4 ኪሎሜትር ያህል ፈጥነዋል ማለት ነው።

አሁን ወሳኙ ልኬት። አብዛኛው ሰው የሚያየው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለውን ክፍተት ነው። እውነተኛው ገደብ ግን ውስጥ ነው፤ የፊት ሞላው የተቀመጠበት የብረት ሳህን ከጎማው አናት በላይ አለ፣ የሾኩ ቱቦ ደግሞ ከጎማው ውስጠኛ ጎን አጠገብ ይቆማል። ሁለቱም ከጎማው ጋር አብረው ስለሚወጡና ስለሚወርዱ ክፍተቱ መኪናው ቆሞም ሲሄድም አይለወጥም፤ በእጅ መለካት ይቻላል ማለት ነው። 175ቱ ወደ ላይ 7፣ ወደ ውስጥ 5 ሚሊሜትር ይወስዳል። ከተገጠመ በኋላ በየአቅጣጫው ቢያንስ 5 ሚሊሜትር እንዲተርፍ፣ አሁን ከላይ 12፣ ከጎን 10 ሚሊሜትር ሊኖር ይገባል። ያለቀ ጎማ ላይ የሚለኩ ከሆነ ለአዲሱ ጥርስ 6 ሚሊሜትር ከላይኛው ላይ ይጨምሩ። ይህን መርሳት ነው ብዙውን ጊዜ ሰው አዲስ ጎማ ገዝቶ እንዲመልስ የሚያደርገው።

ለግዢ ሶማሌ ተራ ሲሄዱ አራቱንም አንድ ዓይነት ይግዙ። በጎኑ ላይ ከልኩ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሚሸከመውን ክብደት ይናገራል፤ 81 ማለት 462 ኪሎ፣ 84 ማለት 500 ኪሎ ነው። ከፋብሪካው ካለው በታች አይቀበሉ። የምርት ጊዜው በአራት አሃዝ ተጽፏል፦ 2323 ከሆነ በ2023 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 2015 ዓ.ም. ማለት ነው። ቁጥሩን እንደ እኛ ዘመን ወስዶ መደናገር የተለመደ ነው።

ጎሚስታው ጋ ሲደርሱ ሥራው በሜዳማ ቦታ ይሁን። ዳዶዎቹን በ21 ቁልፍ መኪናው መሬት ላይ እያለ ያላሉ፣ ከዚያ ክሪክ ይግባ። ጎማው ከወጣ በኋላ የቸርኬው ከንፈር ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ፤ ቀስ እያለ አየር የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ ይህ ዝገት ነው። የላስቲክ ቫልቩም አብሮ ይቀየር። አዲሱ ጎማ በሳሙና ውኃ ይግባ፤ በደረቁ በፌሮ (በጎማ ማውጫ ብረት) ተገፍቶ የገባ ጎማ ከንፈሩ ይቀደዳል። ቀስት ካለው ቀስቱ ወደ ፊት ይዙር። አየር ቢያስወጣ «ከመነዳሪ እናስገባበት» ከተባሉ እምቢ ይበሉ። ያለ ከመነዳሪ እንዲሠራ በተሠራ ጎማ ውስጥ ከመነዳሪው እየተፋተገ ይግላል፣ ሲፈነዳም በአንድ ጊዜ ነው። ቀዳዳው ተፈልጎ ይጠገን።

ባላንስ ግዴታ ነው። አላይመንት ግን የድሮው ጎማ በአንድ ጎን ብቻ ካለቀ ወይም መሪው የሚጎትት ከሆነ ነው የሚያስፈልገው። ዳዶዎቹ በመስቀል ቅደም ተከተል ወደ 103 ኒውተን ሜትር ይጥበቁ፤ ቁልፉ ላይ በእግር መቆም ቡሎኑን ይስባል፣ ሲውል ሲያድርም ይበጥሰዋል። ከ50 ኪሎሜትር በኋላ እንደገና ይጥበቁ። የአየሩ ልክ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በኪሎፓስካል ተለጥፏል፤ ጎሚስታው የሚያውቀው ፒኤስአይ ስለሆነ ለ6.9 ያካፍሉት። 220 ሲሆን 32 ማለት ነው።

ከዚያ አምስት ሰው አስገብተው መሪውን በቀኝም በግራም እስከ መጨረሻው አዙረው፣ ዝግ ብለው ጉብታ ላይ ይውጡ፤ ወደ ኋላም ይሂዱ። የመፋተግ ድምፅ ካለ ብዙ ጊዜ የፓራፋንጎው የውስጥ ፕላስቲክ ነው፤ መያዣው ላልቶ ከሆነ መልሶ ማሰር ይበቃል። ጎማው ላይ ቀጭን የሚያብረቀርቅ መስመር ከታየ ግን ብረት ነክቷል፤ ያ ጎማ ይውረድ።

ስኮርታው አሮጌው ልክ ሆኖ ከቀረ ፊት አይግባ። የፊት ጎማ ከተነፈሰ ከኋላ አንዱን አውጥተው ወደ ፊት ያምጡና ስኮርታውን ኋላ ያድርጉት፤ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ቁመታቸው ከተለያየ ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ቀጥታ መንገድ ላይም ሳያርፍ ይፈጫል።