ከፓርላማ በጡረታ የሚወጣ ባልደረባችንን እንዴት እንሸኝ

ፓርላማ ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው አፈ ጉባኤውና እጅ የሚያወጡት አባላት ናቸው። ስብሰባው ሲከፈት ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጸድቀው ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነው፣ የተቀዳውን ድምፅ ደጋግሞ እየሰማ እሱን የጻፈው ሰው ስም ግን የትም አይነሳም። እንዲህ አይነት ሰው ጡረታ ሲወጣ ዳቦ ቆርሰን ለስላሳ ከፍተን ሰርተፍኬት አስይዘን በሰላም ግቡ ብንል በጣም ያሳዝነኛል፣ ስለዚህ እንዴት ቢደረግ ጥሩ እንደሚሆን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቀኑን ያዙ። የመንግስት ሰራተኛ በ60 አመቱ እንደሚወጣ ይታወቃል፣ ቀኑም ፋይሉ ላይ አለ፣ ድንገት ደረሰብን ማለት አይቻልም። ምክር ቤቱ ደግሞ በህገ መንግስቱ መሰረት ስራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሆኖ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ከዛ አባላቱ ወደ መረጣቸው ህዝብ ይሄዳሉ ግቢውም ጭር ይላል። የጡረታቸው ቀን ሐምሌ ወይ ነሐሴ ላይ ከዋለ አትጠብቁ፣ ሰኔ መጀመሪያ ላይ አድርጉት፣ በጀት ወደሚጸድቅበት ሰሞን ከገፋችሁት ማንም ጊዜ የለውም።

ከድግሱ በፊት የጡረታ ፋይሉን ጨርሱ፣ ይሄን በጣም አደራ እላለሁ። እኔ በሰራሁበት አንድ መስሪያ ቤት እንደ እናት የምናያቸው ሴትዮ ካባ ለብሰው አልቅሰን ከሸኘናቸው በኋላ የትውልድ ዘመናቸው በሁለት ወረቀት ላይ ተለያይቶ ተገኘና ጡረታቸው ሳይከፈል ወራት አለፈ፣ ካባው ቁምሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ እሳቸው በየቢሮው ደጅ ሲጠኑ ከረሙ። ስለዚህ ስድስት ወር ሲቀር አንድ ልጅ መድቡ፣ ስማቸው እስከ አያት በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ አይነት መሆኑን፣ የቅጥር ደብዳቤው መኖሩን፣ ክሊራንሱ፣ ማለትም ከንብረትና ከእዳ ነጻ መሆናቸውን የሚያሳየው ወረቀት፣ ማለቁን እሱ ይከታተል። እሳቸው አይሩጡ።

ቀጥሎ ስራቸውን ሰብስቡ፣ ለእኔ የሽኝቱ ዋና ነገር ይሄ ነው። «ለረጅም አመት በታማኝነት አገልግለዋል» የሚለው አረፍተ ነገር ለማንም ይሆናል። በ1988 ገብተው እስካሁን የቆዩ ሰው ከሆኑ ግን ዳዊት ዮሐንስን፣ ተሾመ ቶጋን፣ አባዱላ ገመዳን፣ ሙፈሪያት ካሚልንና ታገሰ ጫፎን፣ አምስት አፈ ጉባኤ አይተዋል ማለት ነው፣ ከአንደኛው የስራ ዘመን እስከ ስድስተኛው ስንት አባል መጥቶ ሲሄድ እሳቸው እዛው ነበሩ። ይሄን በአመተ ምህረት ቆጥራችሁ አንድ ገጽ ጻፉ፣ የትኛው ቋሚ ኮሚቴ ጋ እንደሰሩ፣ የትኛው ረቂቅ አዋጅ በእጃቸው እንዳለፈ የድሮ ባልደረቦቻቸውን ጠይቁ።

ከዛ ከነዚህ አዋጆች አንዱን ምረጡ። ለምሳሌ የተሻሻለው የቤተሰብ ህግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሲወጣ እዛ ከነበሩ የነጋሪት ጋዜጣውን የመጀመሪያ ገጽ አግኙ፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ያለበትን፣ ከላይ ቁጥሩና ቀኑ የሚታየውን። ከስሩ ሰፋ ያለ ነጭ ወረቀት አስገብታችሁ ፍሬም አስደርጉት፣ ነጩ ላይ ባልደረባው ሁሉ በእጁ ይፈርም፣ ሻይ የሚያቀርቡት እትዬም የጥበቃ ልጆቹም አይቅሩ። ስማቸው አዋጁ ላይ የለም፣ እዚህ ፍሬም ላይ ግን ይኖራል። የግድግዳ ሰዓትማ እቤታቸው ሶስት ሊኖር ይችላል።

መዋጮውን በቴሌግራም ግሩፕ ማን ስንት እንዳዋጣ እየዘረዘራችሁ አታድርጉት፣ ደሞዙ ትንሽ የሆነ ልጅ ይሸማቀቃል። ካባ ወይም ጥሩ ጋቢ ካሰባችሁ ባለቤታቸውን ወይ ልጃቸውን በስልክ ጠይቁ።

ከአፈ ጉባኤው ወይም ከጽህፈት ቤቱ ኃላፊ የተፈረመ የምስጋና ደብዳቤ ጠይቁ፣ ግን ጠይቃችሁ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ፣ ያዘጋጃችሁትን አንድ ገጽ አያይዛችሁ ስጡ፣ ያኔ ደብዳቤው ስለ እሳቸው ይሆናል። ኃላፊው ቢመጣ ደስ ይላል፣ ዋናውን ንግግር ግን አጠገባቸው ተቀምጦ የሰራ ሰው ያድርገው፣ አምስት ደቂቃ፣ አንድ እውነተኛ ታሪክ። ለምሳሌ ስብሰባው አምሽቶ የልጃቸው ልደት ያለፈበት ቀን ካለ እሱን ይንገር፣ ልጅየዋም እዛው ተቀምጣ ትስማው።

ቤተሰብ መምጣት አለበት። አራት ኪሎ ግቢ ዝም ተብሎ ስለማይገባ የእንግዶቹን ስም ቀደም ብላችሁ ለጥበቃ አስይዙ፣ ባለቤትና ልጆች በር ላይ ፀሐይ ላይ ሲቆሙ ቀኑ ይበላሻል። ከተቻለ ልጆቹን ወላጃቸው የሰሩበት ጠረጴዛ ጋ ወስዳችሁ ፎቶ አንሷቸው፣ ሰላሳ አመት ሙሉ ጠዋት እየወጡ የሚሄዱበትን ቦታ ብዙዎቹ አይተውት አያውቁም።

ቀድመው ጡረታ የወጡትንም ጥሩ፣ ቡናው ተፈልቶ ዳቦው ሲቆረስ እነሱ ይመርቁ፣ የእነሱ ምርቃት ከማናችንም ይበልጣል።

መጨረሻ ላይ ታክሲ እንዳይጠብቁ መኪና አዘጋጁ። አበባውንና ስጦታውን ልጆች ኋላ ይጫኑት፣ ፍሬሙን ግን እሳቸው ጭናቸው ላይ ይዘውት ይሂዱ።