በክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ባለጉዳዮች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ ባለጉዳይ የሚጉላላው እውነት ስለሌለው ሳይሆን የትኛው ፍርድ ቤት ምን ማየት እንደሚችል ባለማወቁ ነው። የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የክልሉን ጉዳይ በመጀመሪያ ደረጃ ያያል፤ ከወረዳ ፍርድ ቤት የሚመጣ ይግባኝ ይሰማል፤ የፌዴራል ጉዳዮችንም ይዳኛል። ስህተቱ የሚበዛው በዚህ በሦስተኛው ሥራው ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የፌዴራል ጉዳይ አዲስ አበባ ካልተሄደ አይታይም ብሎ ማመን ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከክልል ሥልጣኑ በተጨማሪ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ እንዲይዝ አድርጓል። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር ያያል። ስለዚህ በክልል የሚኖር ሰው ከአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ጋር በዚህ መጠን ውስጥ ሲከራከር መዝገቡን በዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊያስከፍት ይችላል። ገንዘቡ ከዚያ ከበለጠ ጉዳዩ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ ወደያዘው የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያመራል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስህተት የበለጠ ይጎዳል፤ የፌዴራሉን ጉዳይ ቅርብ ነው ብሎ ወረዳ ፍርድ ቤት መክፈት። የግዛት ሥልጣን ማለትም ጉዳዩ በየትኛው አካባቢ ፍርድ ቤት ይታይ የሚለው ጉድለት በጊዜው ካልተነሣ ሊታለፍ ይችላል። የሥረ ነገር ሥልጣን ማለትም ፍርድ ቤቱ የጉዳዩን ዓይነትና የገንዘቡን መጠን የማየት ሥልጣን ግን እንዲህ አይደለም። ተከሳሹ ዝም ቢል እንኳ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን እንደሌለው በተረዳ ጊዜ መዝገቡን ይዘጋዋል። ምስክር ተሰምቶ፣ ማስረጃ ተመርምሮ፣ ዳኝነት ተከፍሎ ሁሉም ከንቱ ይቀራል። ክስ ከመጻፉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን ያለው የትኛው ፍርድ ቤት ነው የሚለው ነው፤ ጠበቃም ሆነ ክስና ማመልከቻ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ ይህን ሳይጠይቅ ብዕር ካነሣ ደንበኛውን በድሏል።

ይግባኝን እንደ አዲስ ክርክር መቁጠርም የተለመደ ነው። በወረዳ ያልተነሣ ፍሬ ነገር በከፍተኛው ፍርድ ቤት ሊነሣ አይችልም። ይግባኝ ሰሚው ችሎት የሥር ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ትክክል ነው ብሎ ካመነ መልስ ሰጪውን እንኳ ሳይጠራ «አያስቀርብም» ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ አጥብቆ መከራከር ያለብዎት ወረዳ ላይ ነው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት የወረዳውን ውሳኔ ካጸናም ሌላ መደበኛ ይግባኝ አይኖርም፤ የሚቀረው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ተፈጽሟል የሚል የሰበር አቤቱታ ነው። ውሳኔው ከተለወጠ ግን የተጎዳው ወገን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል።

የይግባኝ ጊዜውን ማሳለፍ ሌላው ነው። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ 60 ቀን ነው የተሰጠው። «ጠበቃዬ ዘነጋው» ማለት አያድንም፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ የጠበቃን ቸልተኝነት እንደ በቂ ምክንያት አይቆጥረውም።

ይግባኝ ማቅረብ የፍርዱን አፈጻጸም በራሱ አያግድም፤ እግድ ለብቻው ይጠየቃል። ቤታቸው በአፈጻጸም ሲወሰድ «ይግባኝ ብዬ ነበር» ለሚሉ ሰዎች ከልብ አዝናለሁ።

በመጨረሻ፣ አንድ ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል የሚሉ ከሆነ ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ሕጉን እንዲሽርልዎት አይጠብቁ። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጥያቄው ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የሚመራው በፍርድ ቤቱ ወይም በባለጉዳዩ ነው። ጉባኤው ትርጉም አያስፈልገውም ካለ መዝገቡ ለፍርድ ቤቱ ይመለሳል፤ ቅር የተሰኘ ወገንም ለምክር ቤቱ ይግባኝ ማለት ይችላል።